የማይለቅ የጉልበት ጉዳት፦ ማን ዘንድ እንሂድ?

የዛሬው የጤና ትምህርታችን ተጎድቶ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት አልፈውት እስካሁን አልድን ስላለ ጉልበት ነው። ወደ የትኛው ባለሙያ እንደሚኬድ፣ የትኛው ምልክት ቀን እንደማይሰጥ፣ ሐኪሙ ፊት ስንቀመጥም ምን ብለን እንደምንጠይቅ እንነጋገራለን።

ዝግጅቱን ሳሰናዳ በሐሳቤ የነበሩት አዲስ ከተማ፣ መርካቶ ውስጥ ውለው የሚገቡ ሰዎች ናቸው። እህል በረንዳ ኩንታል የሚያወርደው ጫኝና አውራጅ አለ። ምናለሽ ተራ ዝቅ ያለች መቀመጫ ላይ ጉልበቱን አጥፎ ብረት ሲቀጠቅጥ የሚውል ባለሙያ አለ። በየገበያ ማዕከሉ ከምድር ቤት እስከ ላይኛው ፎቅ ዕቃ እያመላለሰች ደረጃ ስትወጣና ስትወርድ የሚመሽባት ሻጭ አለች። ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን የሚሰግዱ፣ አንዋር መስጊድ የሚሰግዱ ምዕመናንም ጉልበታቸው ሲታመም መጀመሪያ የሚያስጨንቃቸው ስግደቱ ነው።

ጉልበት ምን ያህል እንደሚሸከም በግምት ብቻ የሚታወቅ ነገር አይደለም። ጀርመን ውስጥ ተመራማሪዎች ሰው ሠራሽ ጉልበት ለተገጠመላቸው ሰዎች መለኪያ አብረው አስገብተውላቸው፣ በሜዳ ሲራመዱ ጉልበት ላይ የሚያርፈው ኃይል የሰውነት ክብደትን ሁለት እጥፍ ተኩል እንደሚያክል፣ ደረጃ ሲወርዱ ደግሞ ሦስት እጥፍ ተኩል ገደማ እንደሚደርስ ለክተዋል። ይህ ባዶ እጅ ለሚሄድ ሰው ነው። ትከሻው ላይ መቶ ኪሎ አድርጎ ከአይሱዙ ላይ በሳንቃ የሚወርድ ወጣት ጉልበት ምን እንደሚችል ከዚህ ተነስታችሁ አስቡት።

እንዲህ ያለ ሰው ሲጎዳ እረፍት የሚባለው ምክር ለእሱ ቀላል አይደለም። ዛሬ ካልሠራ ዛሬ አይበላም። ስለዚህ ሁለት ቀን ያነክሳል፣ ከመድኃኒት ቤት ዳይክሎፌናክ የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ይገዛል፣ ሲሻለው ይሸከማል፣ ያገረሽበታል። በዚህ መሐል ሦስት ወር ያልፋል። ከዚያ በኋላ ዘመድ ወዳጁን የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ «ጎበዝ የአጥንት ሐኪም የት አለ?» ይላል።

የኔ ሐሳብ ይህ ጥያቄ ሁለተኛ መሆን አለበት የሚል ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ጉልበቴ ውስጥ የተጎዳው ምንድን ነው የሚለው ነው። ይህ ሳይለይ ስመ ጥሩ ስፔሻሊስት ዘንድ ወረፋ መያዝ ገንዘብም ጊዜም ያባክናል። ቁርጥማት ያለበት ሰው ቀዶ ሐኪም በር ላይ ወር ይጠብቃል፤ ጅማቱ የተበጠሰው ደግሞ መርፌ እየተወጋ ይከርማል።

በቅድሚያ ጊዜ የማይሰጡትን ላንሳ።

ጉልበታችሁ ድንገት አብጦ፣ ሲነኩት የሚያቃጥል ሆኖ፣ ትንሽ ማንቀሳቀስ እንኳ የማይቻል ሕመም ካለውና ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ማለት ከተጨመረበት መገጣጠሚያው ውስጥ ኢንፌክሽን ገብቶ ሊሆን ይችላል። ይህ የሰዓታት ጉዳይ ነው። መገጣጠሚያ ውስጥ የገባ መግል በቀናት ውስጥ አጥንቱን የሚሸፍነውን ካርቲሌጅ ይበላዋል፤ የተበላው አይተካም። በሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ይኬዳል። ጉልበት ውስጥ መርፌ ከተወጉ በኋላ እንዲህ ከሆነ ደግሞ ጥርጣሬው የበለጠ ይከብዳል።

ባታችሁ አብጦ ከጠነከረና ከታመመ፣ በተለይ ለቀናት ተኝታችሁ ወይም እግራችሁ በጀሶ ታስሮ ከነበረ፣ የደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም ሊሆን ይችላል። ይህም በዚያው ቀን መታየት ያለበት ነው። እዚህ ላይ እባካችሁ ባታችሁን አታሳሹ፤ የረጋው ደም ተላቆ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል።

የአሥራዎቹ ዕድሜ ልጅ ካላችሁ ይህን በደንብ ስሙኝ። ኳስ ሲጫወት ተመታሁ የሚል ልጅ፣ ሕመሙ ከሳምንት ሳምንት እየባሰ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚያነቃው ከሆነና ከጉልበቱ ከፍ ብሎ ወይም ዝቅ ብሎ ጠጠር ያለ እብጠት ካወጣ፣ ወጌሻ ዘንድ ሳይሆን ራጅ ወደሚነሳበት ቦታ ውሰዱት። በዚያ ዕድሜ የሚነሳው የአጥንት ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ጉልበት አካባቢ ነው። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይህ አይሆንም፤ ነገር ግን ሲሆን በማሸት የሚጠፋው ወር ልጁን ያሳጣናል። ሌላም አለ፤ ጉልበቴን አመመኝ እያለ የሚያነክስ ሕፃን ጉልበቱ ሲታይ ደህና ከሆነ ችግሩ ዳሌው ላይ ሊሆን ይችላል። የዳሌ ሕመም ጉልበት ላይ ይሰማል። የሕፃናት አጥንት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ኪዩር የሚባለው የሕፃናት ሆስፒታል ይህንኑ የሚሠራ ነው።

አንድ ሌላ በአገራችን ሊዘነጋ የማይገባ ነገር አለ። ኢትዮጵያ የሳንባ ነቀርሳ ጫና ከሚበዛባቸው አገሮች አንዷ ናት፤ ነቀርሳው ደግሞ ሳንባ ላይ ብቻ አይቀርም። አንድ ጉልበት ብቻ ለወራት ቀስ ብሎ አብጦ፣ ጭኑ እየመነመነ፣ ሰውየው እየከሳ፣ ሌሊት ላብ እያጠመቀው ከሆነ የመገጣጠሚያ ቲቢ መታሰብ አለበት። ይህን የሚፈታው ጉልበቱን ማሰር ወይም ማሸት ሳይሆን መድኃኒት ነው፤ መድኃኒቱም በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል።

እነዚህ ከሌሉ ጊዜ አላችሁ ማለት ነው። ጊዜውን ግን በደንብ እንጠቀምበት።

ጉልበት ውስጥ ምን ምን እንዳለ ባጭሩ ላስረዳ። ከላይ የጭን አጥንት፣ ከታች የቅልጥም አጥንት፣ ከፊት የጉልበት ሎሚ አለ። የጭን አጥንትን ከታችኛው እግር ጋር የሚያያይዙ አራት ዋና ዋና ጅማቶች አሉ፤ ሁለቱ በጎንና በጎን፣ ሁለቱ ደግሞ መሐል ላይ ተጠላልፈው። በላይኛውና በታችኛው አጥንት መሐል እንደ ትራስ የሚያገለግሉ ሁለት ሜኒስከሶች ተቀምጠዋል። አጥንቶቹ የሚነካኩበት ገጽ በካርቲሌጅ ተሸፍኗል። እነዚህ ሁሉ ሲጎዱ «ጉልበቴን አመመኝ» የሚያሰኙ ናቸው፤ የሚለያቸው ታሪካቸው ነው። ለዚህ ነው ጥሩ ሐኪም ከመሣሪያ በፊት በጥያቄ የሚጀምረው። ንግግሩ ይህን ይመስላል።

«ሲጎዳህ ምን እያደረግህ ነበር?»
«ኩንታል ይዤ ስዞር ዶክተር፤ እግሬ እንደተተከለ ቀረ፣ ሰውነቴ ዞረ።»
«ቋ ያለ ነገር ሰማህ?»
«አዎ፤ ከውስጥ የሆነ ነገር ብጥስ ያለ መሰለኝ።»
«መቼ አበጠ? ወዲያው ነው ወይስ በማግስቱ?»
«ሰዓትም አልቆየ። ማታ ሱሪዬን ማውለቅ አቃተኝ።»
«አሁንስ? ስትሄድ ይከዳሃል?»
«ደረጃ ስወርድና ስዞር ይከዳኛል። ሜዳ ላይ ደህና ነኝ።»

በዚህ ጥቂት ንግግር ብቻ ልምድ ያለው ሐኪም መሐል ላይ ያለው የፊተኛው ጅማት መበጠሱን አጥብቆ ይጠረጥራል። በሰዓታት ውስጥ ያበጠ ጉልበት ብዙ ጊዜ ውስጡ ደም የቋጠረ ነው። በማግስቱ ቀስ ብሎ ያበጠ፣ ተጣጥፎ ከተቀመጡበት ሲነሱ የሚቆለፍና አልዘረጋ የሚል፣ ሕመሙም በአንድ በኩል በመገጣጠሚያው መሥመር ላይ የሆነ ጉልበት ደግሞ ወደ ሜኒስከስ ያመለክታል። ከፊት፣ ሎሚው ዙሪያ የሚያም፣ ደረጃ ሲወርዱና ረጅም ጊዜ ተቀምጠው ሲነሱ የሚብስ ሕመም ብዙ ጊዜ የሎሚውና የጭን ጡንቻ ጉዳይ ነው፤ ይህኛው ቢላ አይፈልግም። ጠዋት ጠዋት ከአንድ ሰዓት በላይ የሚደርቅ፣ ሁለቱንም ጉልበት አንዳንዴም የእጅ ጣቶችን ጨምሮ የሚይዝ ሕመም ደግሞ ጉዳት ሳይሆን የመገጣጠሚያ በሽታ ነው።

እንግዲህ ማን ዘንድ እንሂድ የሚለው አሁን መልስ ያገኛል።

መጀመሪያ የሚኬደው ጤና ጣቢያ ወይም ጠቅላላ ሐኪም ዘንድ ነው። ይህን ስል ብዙ ሰው ጊዜ ማጥፋት አድርጎ እንደሚቆጥረው አውቃለሁ። ነገር ግን ጠቅላላ ሐኪሙ ከላይ የጠቀስኳቸውን አስጊ ነገሮች ይለያል፣ ራጅ ያዛል፣ ሪፈር ይጽፋል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆናችሁ ደግሞ በመድኑ ለመታከም ከጤና ጣቢያ ጀምራችሁ በሪፈር መሄድ እንዳለባችሁ ታውቃላችሁ። ያንን ወረቀት ሳይዙ በቀጥታ ሆስፒታል መሄድ ወጪውን በራስ ላይ ማምጣት ነው።

ራጅ መቼ ያስፈልጋል ለሚለው ካናዳ፣ ኦታዋ ከተማ የተዘጋጀ፣ በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት ቀላል መመዘኛ አለ። ጉዳት ከደረሰ በኋላ ዕድሜው 55 እና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ሎሚው ላይ ብቻ ሲጫኑት የሚያመው፣ ከጉልበት በታች በውጭ በኩል ያለችው የቀጭኗ አጥንት ራስ ስትነካ የሚያመው፣ ጉልበቱን ዘጠና ዲግሪ ድረስ ማጠፍ ያልቻለ፣ ወይም በተጎዳበት ጊዜም ሲመረመርም አራት እርምጃ መሄድ ያቃተው ሰው ራጅ ይነሳ ይላል። ከእነዚህ አንዱ ኖሮባችሁ እስካሁን ራጅ ካልተነሳችሁ፣ ወር ቢያልፍም ተነሱ። ሳይታወቅ የቀረ ስብራት ለወራት ለሚያም ጉልበት አንዱ ምክንያት ነው።

የአጥንት ስፔሻሊስት የሚባለው፣ በሙያው ስም ኦርቶፔዲክ ሰርጅን፣ የሚያስፈልገው ጉልበቱ የሚከዳ፣ የሚቆለፍ፣ ሙሉ በሙሉ የማይዘረጋ፣ ስብራት ያለበት ወይም በሚገባ የተሠራ የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና፣ ማለትም ፊዚዮቴራፒ፣ ለወራት ሞክሮ ያልተሻለው ሲሆን ነው። እዚህም ውስጥ ክፍፍል አለ። ሁሉም የአጥንት ሐኪም ሁሉንም እኩል አይሠራም። አንዱ በአደጋና በስብራት፣ አንዱ በሕፃናት፣ አንዱ በአከርካሪ፣ ሌላው ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ በመተካት፣ ሌላው ደግሞ በስፖርት ጉዳትና በትንሽ ቀዳዳ በሚገባ ካሜራ በሚደረግ ቀዶ ሕክምና፣ ማለትም በአርትሮስኮፒ፣ የጠለቀ ሥልጠና አለው። ለተበጠሰ ጅማት የሚፈለገው ይህ የመጨረሻው ነው። ዕድሜያቸው ስድሳን ያለፈ፣ ጉልበታቸው የተበላ እናት ደግሞ የሚያስፈልጋቸው መገጣጠሚያ የሚተካው ነው። ቀጠሮ ስትይዙ «ዶክተሩ በተለይ የሚሠራው ምኑን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ነውር የለውም።

የውስጥ ደዌ ሐኪም፣ ከተገኘም የሩማቶሎጂ ስፔሻሊስት፣ ጠዋት ለሚደርቅ፣ ብዙ መገጣጠሚያ ለያዘ ወይም በሪህ ድንገት እየተነሳ ለሚያቃጥል ጉልበት ነው። ሩማቶሎጂስቶች በአገራችን ጥቂት ስለሆኑ አብዛኛው ሰው የሚታየው በውስጥ ደዌ ሐኪም ነው። ይህን በሽታ ቀዶ ሐኪም አያድነውም፤ የሚያረጋጋው በጊዜ የተጀመረ መድኃኒት ነው።

ፊዚዮቴራፒስቱን መጨረሻ ያመጣሁት ስለሚያንስ አይደለም። ለአብዛኛው የማይለቅ የጉልበት ጉዳት ዋናው ሐኪም እሱ ነው ብዬ ስለማምን ሰፋ አድርጌ ላወራ ፈልጌ ነው። በሰዉ ዘንድ ፊዚዮቴራፒ ማለት ማሸትና የሞቀ ነገር ማድረግ ይመስላል። አይደለም። ጉልበት ሲያም የጭን የፊት ጡንቻ በሳምንታት ውስጥ ይመነምናል። ሁለቱን ጭኖቻችሁን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ብትመለከቱ የታመመው በኩል ቀጥኖ ታዩታላችሁ። ያ ጡንቻ ሲደክም ጉልበቱን የሚይዘው ስለሚያንስ ሕመሙ ይቀጥላል፤ ሕመሙ ሲቀጥል ሰውየው እግሩን ይቆጥባል፤ ሲቆጥብ ጡንቻው ይብስ ይደክማል። ፊዚዮቴራፒስቱ የሚሰብረው ይህን አዙሪት ነው።

ስዊድን ውስጥ የተሠራ አንድ ጥናት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ታትሟል። የፊተኛው ጅማታቸው የተበጠሰባቸውን 121 ወጣቶች በዕጣ ለሁለት ከፍለው ለገሚሶቹ በጊዜ ቀዶ ሕክምናና ፊዚዮቴራፒ፣ ለገሚሶቹ ደግሞ በፊዚዮቴራፒ ጀምረው ካልሆነላቸው ብቻ ቀዶ ሕክምና አደረጉላቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ የሁለቱ ቡድኖች ጉልበት ተመሳሳይ ነበር፤ በፊዚዮቴራፒ ከጀመሩት መካከል ከአሥሩ ስድስቱ ያህል ቀዶ ሕክምና ሳያስፈልጋቸው ቆይተዋል። ይህ ማለት ቀዶ ሕክምና ለማንም አያስፈልግም ማለት አይደለም። ሸክም ተሸክሞ መዞር የዕለት እንጀራው የሆነ፣ ጡንቻውን በሚገባ አጠንክሮም ጉልበቱ የሚከዳው ወጣት ጅማቱ ቢሠራለት ይጠቀማል። ጉልበቱ በከዳው ቁጥር ሜኒስከሱ ሊቀደድ ይችላልና።

ቤት ውስጥ የሚጀመር አንድ ሁለት ነገር ልንገራችሁ። ጉልበቱ የማይቆለፍና ትኩስ እብጠት የሌለው ከሆነ እግራችሁን ዘርግታችሁ ተቀመጡ፤ ከጉልበታችሁ ሥር የተጠቀለለ ፎጣ አድርጉ፤ ፎጣውን ወደ ታች ተጭናችሁ ጭናችሁ ሲጠነክር እስከ አምስት ቆጥራችሁ ልቀቁ። አሥር ጊዜ፣ በቀን ሦስት ጊዜ። ይህ ሲቀላችሁ ከወንበር ላይ በእጅ ሳትደገፉ ቀስ ብሎ መነሳትና ቀስ ብሎ መቀመጥ ይከተላል። ስትሠሩ ቀለል ያለ ሕመም ቢሰማ አያስፈራም። በማግስቱ ካበጠ ወይም ከባሰ ግን በዝቷል ማለት ነውና ቀንሱ። ለውጥ ለማየት ቢያንስ ስድስት ሳምንት፣ ለብዙ ሰው እስከ ሦስት ወር ያስፈልጋል። ሁለት ቀን ሠርቶ አልሆነልኝም ማለት አይቻልም።

ወደ ሥራ መመለስም የሕክምናው ክፍል ነው። ጫኝና አውራጅ ለሆነ ሰው ፊዚዮቴራፒስቱ ይህን ማወቅ አለበት፤ ንገሩት። መጀመሪያ በጋሪ መግፋት፣ ከዚያ ቀላል ካርቶን፣ ከዚያ ከጓደኛ ጋር ለሁለት ማንሳት፣ ሙሉ ኩንታል ግን መጨረሻ ላይ። የሥራ ቡድን መሪዎች ሆናችሁ የምታዳምጡኝ ካላችሁ፣ የተጎዳ ጓዳችሁን ለጥቂት ሳምንታት ቀላሉ ሥራ ላይ ብትመድቡት ለዓመታት አብሯችሁ ይሠራል። ይህን ከልቤ እለምናችኋለሁ።

አሁን ወደ ወጌሻ ልምጣ። መርካቶና አካባቢው ያለ ሰው ሲወለም መጀመሪያ የሚሮጠው ወጌሻ ዘንድ እንደሆነ ይታወቃል። ወጌሻ ቅርብ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ቋንቋችንን ያውቃል፣ ያጽናናናል። እጃቸው የሠለጠነ ወጌሾች መኖራቸውን አልክድም። ነገር ግን ገደቡ መታወቅ አለበት። ጠብቆ የታሰረ እግር ደም ሳያገኝ ሞቶ እስከ መቆረጥ የደረሰባቸው ሰዎች በአገራችን ሆስፒታሎች ተመዝግበዋል። ደግሞም ተስፋ የሚሰጥ ነገር ታይቷል፤ እዚሁ አገራችን ገጠር ውስጥ ለወጌሾች አጭር ሥልጠና ከተሰጠ በኋላ በዚህ ምክንያት የሚቆረጡ እግሮች ቁጥር መቀነሱን የሚያሳይ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2005 ወጥቷል። ስለዚህ ወጌሻ ዘንድ ከሄዳችሁ ይህን ያዙ፤ ያበጠና የሚያቃጥል ጉልበት አይታሽም፤ ከታሰረ በኋላ ጣቶች ከደነዘዙ፣ ከቀዘቀዙ ወይም ከጠቆሩ በዚያች ሰዓት ይፈታል። ጉልበቱን መብጣትና በጋለ ብረት መተኮስ ደግሞ በፍጹም አይደረግም፤ ያ ቁስል ኢንፌክሽኑን ወደ መገጣጠሚያው የሚያስገባ በር ነው። ጠበል የሚጠመቅ ሰው ይጠመቅ፤ የሐኪሙን ቀጠሮ ግን አያሳልፍ።

ስለ ኤምአርአይ ደግሞ አጥብቄ የምናገረው አለኝ። ብዙ ሰው ገና ሐኪም ሳይነካው፣ አጠራቅሞ ወይም ተበድሮ ኤምአርአይ ይነሳል። ራጅ አጥንትን እንጂ ጅማትንና ሜኒስከስን አያሳይም፤ ኤምአርአይ እነዚህን ያሳያል፣ እውነት ነው። ችግሩ ከመጠን በላይ ማሳየቱ ነው። አሜሪካ፣ ፍራሚንግሃም በምትባል ከተማ ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 90 የሆኑ 991 ሰዎች ጉልበት በኤምአርአይ ታይቶ እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው ጥናት፣ ሜኒስከሳቸው የተቀደደ ሆኖ ከተገኘው ውስጥ 61 በመቶው ባለፈው ወር ምንም የጉልበት ሕመም አልነበራቸውም። እንግዲህ አምሳ ዓመት ያለፈው ሰው ፊልሙ ላይ «ሜኒስከስ ተቀዷል» የሚል ቢያነብ ሕመሙ ከዚያ ነው ብሎ መደምደም አይችልም። ኤምአርአይ ሐኪሙ በእጁ መርምሮ ለጠረጠረው ነገር ማረጋገጫ ሲሆን ገንዘቡን ያህል ዋጋ አለው። እሱም ቢሆን መልሱ ሕክምናውን የሚቀይር ከሆነ ብቻ ነው። ሐኪሙን «ውጤቱ ይህ ቢሆን ምን ያደርጋሉ? ያ ቢሆንስ?» ብላችሁ ጠይቁት። ሁለቱም መልስ አንድ ከሆነ ገንዘባችሁን ለፊዚዮቴራፒ አቆዩት።

ቀዶ ሕክምናውም እንደዚሁ ነው። ፊንላንድ ውስጥ ዕድሜያቸው ከ35 እስከ 65 የሆኑ፣ ሜኒስከሳቸው በአደጋ ሳይሆን በመዳከም የተቀደደ 146 ሰዎችን በዕጣ ከፍለው ለገሚሱ የተቀደደውን ቆርጠው አወጡ፤ ለገሚሱ ደግሞ የቀዶ ሕክምናውን ሥርዓት ሁሉ አድርገው ሳይቆርጡ መለሱ። ታካሚዎቹ የትኛው እንደተደረገላቸው አያውቁም ነበር። ከዓመት በኋላ በሁለቱ መካከል ልዩነት አልተገኘም። ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2017፣ ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ቡድን በዕድሜ ለተበላ ጉልበት አርትሮስኮፒ እንዳይደረግ አጥብቆ መክሯል። በአደጋ ተቀዶ ጉልበቱን የቆለፈው የወጣት ሜኒስከስ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱ በጊዜ ቢሠራ ይሻላል።

ጉልበት ውስጥ የሚወጋውን የስቴሮይድ መርፌም ላንሳ። አንዴ ተወግተው ለሳምንታት እፎይ ያሉ ብዙ ናቸው፤ እብጠት ላለው ጉልበት ለአጭር ጊዜ ማስታገሻ ይሆናል። እየደጋገሙ መወጋት ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ የአሜሪካ ጥናት 140 ሰዎች ለሁለት ዓመት በየሦስት ወሩ ገሚሱ ስቴሮይድ፣ ገሚሱ የጨው ውሃ ተወጉ። በሕመሙ ልዩነት አልተገኘም፤ ስቴሮይድ የተወጉት ግን ካርቲሌጃቸው የበለጠ ሳስቶ ተገኘ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለወራት የሚዋጠው የሕመም ማስታገሻም ጨጓራን ያደማል፣ ኩላሊትን ይጎዳል። የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም ያለባችሁ በተለይ ተጠንቀቁ።

ሐኪሙን በምን እንመዝነው? የማስታወቂያው ትልቅነት ወይም የክሊኒኩ መስታወት መለኪያ አይደለም። ጥሩ የጉልበት ሐኪም ሁለቱንም ጉልበት አስገልጦ ያነጻጽራል፤ ያራምዳችኋል፤ በእጁ እየዳሰሰ፣ እያጠፈ፣ እየጎተተ ይመረምራል፤ ዳሌያችሁንም ያያል። ሱሪያችሁን እንኳ ሳያስወልቅ፣ ፊልሙን ብቻ ወደ መብራት አንስቶ «ቀዶ ጥገና ነው» የሚል ካጋጠማችሁ ቀጠሮውን ከመቀበላችሁ በፊት ሌላ ሐኪም አማክሩ። የሙያ ፈቃዱን ማየት መብታችሁ ነው። ከዚያም እነዚህን ጠይቁ፦ የተጎዳው ምኔ ነው? ቀዶ ሕክምና ባላደርግ ምን ይሆናል? ይህን ቀዶ ሕክምና እርስዎ አዘውትረው ይሠሩታል? ከዚያ በኋላ ፊዚዮቴራፒው የት ነው፣ ለስንት ወር ነው? ወደ ሸክም ሥራ የምመለሰው መቼ ነው? የፊተኛው ጅማት ከተሠራለት ሰው ሙሉ ሥራ ለመጀመር ብዙውን ጊዜ ዘጠኝ ወር ገደማ ያስፈልገዋል። ይህን አስቀድሞ ያልነገረ ሐኪም የታካሚውን ኑሮ አላሰበም፤ በዚያ ጊዜ ቤተሰቡ ምን እንደሚበላ ሳይመከርበት ወደ ቀዶ ክፍል መግባት ከባድ ነው።

ከመርካቶ ለሚነሳ ሰው ትልልቆቹ የመንግሥት ሆስፒታሎች ሩቅ አይደሉም። ከአውቶቡስ ተራ ወደ ዊንጌት በሚወስደው መንገድ ላይ ቅዱስ ጳውሎስ አለ፤ በእሱ ሥር ደግሞ ለአደጋና ለድንገተኛ የተቋቋመው አቤት ሆስፒታል ይሠራል። በተክለ ሃይማኖት በኩል ሲወርዱ ጥቁር አንበሳ አለ፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማስተማሪያ ሆስፒታል ሲሆን የአጥንት ስፔሻሊስቶችንም የሚያሠለጥን ነው። ወረፋው ረጅም ነው፤ አንዳንዴ ወራት። የጭን ጡንቻ የሚገነባው በዚህ የጥበቃ ጊዜ ነው። ሪፈሩን እንደያዛችሁ ፊዚዮቴራፒውን ጀምሩ፤ ቀዶ ሕክምና ቢወሰን እንኳ ጠንካራ ጭን ይዞ የገባ ሰው በተሻለ ያገግማል፤ ተራው ሲደርስ ቀዶ ሕክምናው የማያስፈልገው ሆኖ የሚገኝም አለ።

ስትሄዱ የሚያዘውን ሁሉ በአንድ ፌስታል አድርጋችሁ ያዙ፤ ሪፈሩን፣ የቀድሞ ራጆችን፣ የምትወስዱትን መድኃኒት ከነማሸጊያው። የተጎዳችሁበትን ቀን፣ እንዴት እንደሆነ፣ ያበጠበትን ሰዓት፣ የሚከዳችሁን ጊዜ በወረቀት ጽፋችሁ ወይም በስልካችሁ ቀድታችሁ ሂዱ። መጻፍ የማይችል ሰው ካለ ልጁ ይጻፍለት። ሐኪሙ ለአንድ ታካሚ ያለው ደቂቃ ትንሽ ነው፤ ያቺ ወረቀት ግማሹን ምርመራ ትሠራለች። በስድስተኛው ሳምንት ተመልሳችሁ ታዩ፤ በሦስተኛው ወር ምንም ለውጥ ከሌለ ሁለተኛ ሐኪም እንዲያያችሁ ጠይቁ፤ የመጀመሪያውን ሐኪም ማስረጃም ይዛችሁ ሂዱ።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን ከባድ ዕቃ ሲነሳ ወገብ እንዴት እንደሚጎዳ እንነጋገራለን።